ከወሊድ በኋላ ጉልበት ሲከዳ፤ «ብርድ ነው» ተብሎ የሚታለፈው የጭን ነርቭ ጉዳት

በሰሜን ሸዋ፣ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የመንዝ ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ 200 እስከ 3 ሺህ 700 ሜትር ከፍታ ያለው ደጋ ነው፡፡ ስሙን ያገኘው የአካባቢው ሕዝብ ለቤት ክዳንና ለገመድ ከሚገለገልበት የጓሳ ሣር ነው፡፡ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮውና ስለ ቀይ ቀበሮው ብዙ ተጽፏል፡፡ በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ግን ከዚያ የተለየ ነው፡፡ ይኸውም በዚያ ዳገትና ቁልቁለት ውኃ ቀድታ፣ ማገዶ ተሸክማ፣ ገበያ ውላ የምትመለሰው እናት ስለምትቆምበት እግር ነው፡፡

በደጋው አገር አንዲት ሴት በሰላም ተገላግላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ከተባለች በኋላ ከመኝታዋ ልትነሣ ስትል ጉልበቷ ታጥፎ ብትወድቅ፣ ጎረቤት የሚሰጠው ምክንያት አስቀድሞ የታወቀ ነው፡፡ «ብርድ ገብቷት ነው» ይባላል፡፡ ከዚህ ከፍ ሲልም «ምች መታት» ወይም «የሰው ዓይን ነው» የሚል አይጠፋም፡፡ በከተማም ቢሆን ነገሩ ብዙ አይለይም፡፡ በኦፕራሲዮን የወለደች እናት እግሯ ቢዝል «ወገቧ ላይ የወጓት መርፌ ነው» ተብሎ ይወሰናል፡፡ ምክንያቱ አንድ ጊዜ እንዲህ ከተሰየመ በኋላ ወደ ሐኪም የሚሄድ የለም፡፡ እናቲቱም ነገሩን እንደ ዕጣዋ ቆጥራ ግድግዳ እየተደገፈች ትኖራለች፡፡

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው የእግር መክዳት ብዙውን ጊዜ የታወቀ መንስኤ ያለው፣ ሊቀነስ የሚችልና በጊዜው ከተነገረ በአብዛኛው የሚድን የነርቭ ጉዳት ነው፡፡ ስለዚህ መንስኤውን ለይቶ ማወቁ ለወላድዋም፣ ለባሏም፣ ለአራሽ ጠያቂዋም ይጠቅማል፡፡

ነርቩ የሚሠራው ሥራ

ነርቭ ማለት ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ወደ ሰውነት ክፍሎች ትእዛዝ የሚያደርስ፣ ከሰውነትም ስሜትን ወደ አንጎል የሚመልስ ሽቦ መሰል መሥመር ነው፡፡ ወደ እግር ከሚወርዱት ዋና ዋና ነርቮች አንዱ በሕክምና ቋንቋ ፌሞራል ነርቭ ይባላል፡፡ እኛ በዚህ ጽሑፍ የጭን ነርቭ እንለዋለን፡፡

ይህ ነርቭ ከወገብ አከርካሪ ከሁለተኛው፣ ከሦስተኛውና ከአራተኛው አንጓ አካባቢ ይነሣና ከሆድ በስተኋላ በሚገኘው ወፍራም ጡንቻ ውስጥ አልፎ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፡፡ በብሽሽት ላይ ከዳሌ አጥንት ጫፍ እስከ ብልት አጥንት ድረስ የተወጠረ ጠንካራ ጅማት አለ፡፡ ነርቩ በዚህ ጅማት ሥር ሾልኮ ወደ ጭን ፊት ለፊት ይገባል፡፡ ከዚያም ጉልበትን የሚዘረጋውን ትልቁን የጭን ጡንቻ ያዝዛል፡፡ የጭንን የፊት ገጽና የቅልጥምን የውስጥ ጎን እስከ እግር ድረስ ያለውን ስሜት የሚያደርሰውም እሱ ነው፡፡

ይህን ካወቅን ምልክቱን ለመረዳት አያስቸግርም፡፡ የጭን ነርቭ ሲጎዳ ጉልበትን ዘርግቶ የሚያቆመው ኃይል ይጠፋል፡፡ በሽተኛዋ በሜዳ ላይ እግሯን እየጣለች ልትሄድ ትችል ይሆናል፤ ከበርጩማ ስትነሣ፣ ደረጃ ስትወጣ፣ በተለይም ቁልቁለት ስትወርድ ግን ጉልበቷ ሳታስበው ይታጠፍባታል፡፡ የጭኗ ፊት ይደነዝዛል ወይም እንደ መርፌ ይጠቀጥቃታል፡፡ ሐኪሙ ከጉልበቷ በታች በትንሽዋ መዶሻ ሲመታት እግሯ እንደ ወትሮው አይፈናጠርም፡፡ ጊዜ እየገፋ ከሄደ ደግሞ ጭኗ ከሌላው ቀጥኖ ይታያል፡፡

በአዲስ አበባ ቤቷ ምድር ላይ ለሆነ እናት ይህ ጉዳት ለጊዜው ሊሸሸግ ይችላል፡፡ በጓሳ ግን ከቤት እስከ ምንጭ ያለው መንገድ ራሱ ዳገትና ቁልቁለት ነውና ወዲያው ይጋለጣል፡፡ ውኃ ተሸክሞ ቁልቁል መውረድ የማይቻል ሲሆን የቤቱ ኑሮ በሙሉ ይናጋል፡፡

በምጥ ጊዜ እንዴት ይጎዳል?

ብዙ ሰው «የሕፃኑ ራስ ነርቩን ተጫነው» ይላል፡፡ ለሌሎች የእግር ነርቮች ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን፡፡ የጭን ነርቭ ግን የሚያልፈው ሕፃኑ ከሚወርድበት ጎድጓዳ የዳሌ ክፍል ውጭ ነው፡፡ በምጥ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው በብሽሽቱ ጅማት ሥር ሲታጠፍና ሲታነቅ ነው፡፡

የምታምጥ ሴት በጀርባዋ ተኝታ ጭኖቿ ወደ ሆዷ እጅግ ተስበው፣ ወደ ውጭም ተበርግደው ለረጅም ሰዓት ከቆዩ፣ ነርቩ በጅማቱ ሥር እንደ ታጠፈ የውኃ ጎማ ይሆናል፡፡ ነርቩን የሚመግቡት ጥቃቅን የደም ሥሮችም አብረው ይጨመቃሉ፡፡ ለአጭር ጊዜ ከሆነ ችግር አያመጣም፡፡ ሰዓቱ ሲረዝም ግን የነርቩ ሽፋን ይጎዳል፤ ትእዛዝ ማስተላለፉንም ያቆማል፡፡ «አይዞሽ፣ ግፊ» እያሉ ጉልበቷን በግራና በቀኝ ይዘው በኃይል ወደ ደረቷ የሚጫኑት ረዳቶች ይህን የሚያደርጉት ለመልካም ነው፡፡ ሆኖም በምጡ መካከል ፋታ ሲገኝ እግሯን ዝቅ አድርገው ካላሳረፉላት ለጉዳቱ መንገድ ይከፍታሉ፡፡

ነገሩ በገጠር ብቻ የሚደርስ እንዳይመስል አንድ ማስረጃ እናቅርብ፡፡ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ከ6 ሺህ በላይ ወላዶች ተጠይቀውና ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል፡፡ በጥናቱ መሠረት ከ100 እናቶች መካከል አንዲት ያህል ከወሊድ ጋር የተያያዘ አዲስ የእግር ነርቭ ጉዳት ደርሶባታል፡፡ በብዛት የተገኘው የጭንን የውጭ ጎን ቆዳ ብቻ የሚያዳርሰው ትንሹ ነርቭ ጉዳት ሲሆን፣ ቀጥሎ የተገኘው የጭን ነርቭ ጉዳት ነው፡፡ ለጉዳቱ ይበልጥ የተጋለጡትም የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱና የመግፊያው ጊዜ የረዘመባቸው እናቶች ነበሩ፡፡ ከተጎጂዎቹ ግማሽ ያህሉ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ተሽሏቸዋል፡፡

እንግዲህ ይህ የሆነው ሐኪምና መሣሪያ በሞላበት ከተማ ነው፡፡ ምጡ አንድ ቀንና ሁለት ቀን በሚጎተትበት ሥፍራ ጉዳቱ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል መገመት አያዳግትም፡፡

ጉልበት ሲከዳና እግር ሲንጠለጠል

ከዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፡፡ እስካሁን የተናገርነው ጉልበት ስለሚከዳበት ጉዳት ነው፡፡ ሌላው ደግሞ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው እግር ወደ ላይ አልነሣ ብሎ ጣቶች መሬት የሚጎትቱበት ሁኔታ ነው፡፡ ይህችኛዋ በሽተኛ ስትራመድ ጉልበቷን ከፍ አድርጋ እግሯን ትጥላለች፤ ጫማዋም ከፊቱ ይበላል፡፡

የሁለተኛው ጉዳት መንስኤ ብዙውን ጊዜ የተሰናከለ ምጥ ነው፡፡ ሕፃኑ በዳሌው አጥንት ማለፍ ሲያቅተው ራሱ በእናቲቱ ዳሌ ውስጥ ተቀርቅሮ ለብዙ ሰዓት ይቆያል፡፡ በዚህ ጊዜ በዳሌው ውስጥ ወደ እግር የሚወርዱትን ነርቮች ከአጥንቱ ጋር አጣብቆ ይጨፈልቃቸዋል፡፡ በተጨማሪም ለረጅም ሰዓት ቁጢጥ ብሎ ማማጥ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል፣ ልክ በአጥንቱ ላይ የሚያልፈውን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፡፡ ይህ ማለት ቁጢጥ ማለት ወይም መንበርከክ ክፉ ነው ማለት አይደለም፡፡ ክፉው በአንድ አቋቋም ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ነው፡፡

በዚህ ረገድ አገራችን ለዓለም ሕክምና ያበረከተችው ዕውቀት አለ፡፡ ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራሊያ መጥተው በአዲስ አበባ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ፡፡ በተሰናከለ ምጥ ምክንያት ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸውን እናቶች በብዛት በማየታቸውም እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባን የፊስቱላ ሆስፒታል አቋቋሙ፡፡ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ድረስ ኑሯቸው ከዚህ ሥራ ጋር የተሳሰረ ነበር፡፡

ወደዚህ ሆስፒታል የሚመጡት እናቶች ሁሉ የሚያለቅሱት ሽንታቸው በመፍሰሱ ብቻ አልነበረም፡፡ አንዳንዶቹ በምርኩዝ፣ አንዳንዶቹ በሰው ትከሻ ይመጡ ነበር፡፡ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ከሁለት የሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጽሑፍ የተሰናከለ ምጥ የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ብቻ አለመሆኑን፣ ፊኛን፣ ማሕፀንን፣ ቆዳንና የእግር ነርቭን ጭምር በአንድነት የሚጎዳ መሆኑን አስረድተዋል፡፡ ስለዚህ በሆስፒታሉ ከቀዶ ሕክምናው ጎን ለጎን እግርን የሚያሠሩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች እንዲኖሩ ተደርጓል፡፡

ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ፡፡ ከረጅም ምጥ በኋላ እግሯ የዛለባት ሴት ስትገኝ «ሽንትሽንስ ትቆጣጠሪያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፡፡ ሽንቷ የሚፈሳትም ብትሆን ስለ እግሯ መጠየቅ ያስፈልጋል፡፡ አንዱን ነግራ ሌላውን በኀፍረት የምትደብቅ እናት ብዙ ናትና፡፡

በኦፕራሲዮን ጊዜስ?

በኦፕራሲዮን መውለድ የእናትንም የልጅንም ሕይወት ያድናል፡፡ «እግሬን ያሳጣኛል» ተብሎ የሚሸሽ ነገር አይደለም፡፡ ሆኖም የጭን ነርቭ በሆድና በማሕፀን ቀዶ ሕክምና ጊዜም ሊጎዳ እንደሚችል የታወቀ ነው፡፡ ቀዶ ሐኪሙ የሆዱን ቁስል ከፍቶ ለመያዝ የሚጠቀምበት የብረት መሣሪያ ወደ ጎን ጠልቆ ከገባ፣ ነርቩ የሚያልፍበትን ጡንቻ ከዳሌው ግድግዳ ጋር ሊጫነው ይችላል፡፡ ይህ ከሁሉ ይበልጥ የሚያጋጥመው ማሕፀን በሚወጣበት ረጅም ኦፕራሲዮን ላይና በጣም ቀጭን በሆኑ ሴቶች ላይ ነው፡፡ በማሕፀን በር በኩል በሚደረግ ሕክምናም እግሮች በማንጠልጠያ ላይ ለረጅም ጊዜ ተሰቅለው ከቆዩ ያው የብሽሽት መታነቅ ይደርሳል፡፡

በወገብ ላይ ስለሚሰጠው የማደንዘዣ መርፌ ደግሞ እንዲህ ማለት ይቻላል፡፡ መርፌው በራሱ ዘላቂ የነርቭ ጉዳት የሚያደርሰው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፡፡ ከወሊድ በኋላ ከሚታዩት የእግር ነርቭ ጉዳቶች የሚበዙት የሚመጡት ከምጡና ከአቀማመጡ ነው፡፡ ይሁን እንጂ ማደንዘዣው የሰጠው ድንዛዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መልቀቅ አለበት፡፡ ሌሎች ሴቶች ተነሥተው ሲቀመጡ የእርስዎ እግር አሁንም አልታዘዝ ካለ «ነገ ይለቀኛል» ብለው አይተኙ፤ ወዲያው ለነርሷ ይንገሩ፡፡

ሌሎች መንስኤዎች

የጭን ነርቭ የሚጎዳው በወሊድ ብቻ ስላልሆነ፣ ያልወለዱ ሴቶችም ወንዶችም የሚከተሉትን ቢያውቁ ይጠቀማሉ፡፡

አንደኛ፣ አደጋ ነው፡፡ የመኪና ግጭት፣ ከገደል መውደቅ፣ የዳሌ አጥንት ስብራት፣ የጥይትና የስለት ቁስል፣ በገጠር ደግሞ በብሽሽት ላይ የሚደርስ የበሬ ቀንድ ውጋት ነርቩን ሊቆርጠው ወይም ሊጨፈልቀው ይችላል፡፡ በዚያው ሥፍራ ከነርቩ ጎን ትልቁ የጭን ደም ሥር ስለሚያልፍ፣ በብሽሽት ላይ የሚደርስ ጥልቅ ቁስል ሁሉ የሕይወት አደጋ ነው፡፡

ሁለተኛ፣ በውስጥ የሚፈስ ደም ነው፡፡ ለልብ ወይም ለደም መርጋት በሽታ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ወይም ደሙ በተፈጥሮው የማይረጋ ሰው፣ ነርቩ በሚያልፍበት ጡንቻ ውስጥ ደም ሊጠራቀምበት ይችላል፡፡ በድንገት ብሽሽቱን ያመዋል፤ እግሩን መዘርጋት አቅቶት ጭኑን አጥፎ ይተኛል፤ ጉልበቱም ይከዳዋል፡፡ ይህ ፈጥኖ ሐኪም ቤት መድረስን ይጠይቃል፡፡

ሦስተኛ፣ መግል ነው፡፡ በአገራችን ልናስብበት የሚገባን የሳንባ ነቀርሳ ሳንባን ብቻ የሚይዝ አለመሆኑ ነው፡፡ ቲቢ የወገብ አከርካሪን ሲይዝ መግሉ በዚያው ጡንቻ ሽፋን ውስጥ ቁልቁል ወርዶ በብሽሽት ላይ እንደ እብጠት ሊታይ ይችላል፡፡ ለወራት የቆየ የወገብ ሕመም፣ የማታ ትኩሳትና ላብ፣ የሰውነት መክሳት ካሉ ይህን መጠርጠር ይገባል፡፡

አራተኛ፣ የስኳር በሽታ ነው፡፡ ከስኳር ሕሙማን መካከል በተለይ በዕድሜ የገፉት አንዳንድ ጊዜ በአንድ ጭናቸው ላይ ከባድ ሕመም ይጀምራቸውና በሳምንታት ውስጥ ጭኑ ይሰልላል፤ ክብደታቸውም ይቀንሳል፡፡

ከዚህ ጋር በሰሜን ሸዋ የሚታወቀውን ጓያ ማንሣት ያስፈልጋል፡፡ በድርቅ ዓመት ለወራት ጓያን ዋና ምግብ አድርጎ የበላ ሰው እግሮቹ ይይዙታል፡፡ ይህ ግን ከጭን ነርቭ ጉዳት የተለየ ነው፡፡ ጓያ የሚጎዳው ከአንጎል በኅብለ ሰረሰር በኩል ወደ እግር የሚወርደውን መሥመር ስለሆነ ሁለቱም እግሮች ይገትራሉ፤ ሰውዬውም በጣቶቹ እየረገጠ ጉልበቶቹን እያጋጨ ይሄዳል፡፡ የጭን ነርቭ ጉዳት ብዙውን ጊዜ አንድ እግርን ያዝላል እንጂ አያደርቅም፡፡

በልጆች ላይ በቂጥ በሚሰጥ መርፌ የሚደርሰውም ጉዳት የሌላ ነርቭ ነው፡፡ መርፌው ያለ ቦታው ሲወጋ ከቂጥ በስተኋላ የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ያገኘውና የሕፃኑ እግር ይንጠለጠላል፡፡ ለሕፃናት ክትባት የጭን የውጭ ጎን የሚመረጠው አንዱ ምክንያት ትልልቅ ነርቮች የሌሉበት በመሆኑ ነው፡፡ እናቶች መርፌን ላልሠለጠነ ሰው፣ በየመንደሩ ለሚዞር «መርፌ ወጊ» ማስወጋት የለባቸውም፡፡

ብርዱና እሳቱ

የጓሳ ብርድ በቀላሉ የሚታይ አይደለም፡፡ በበጋ ወራት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፡፡ አራሽን ማሞቅ፣ ገንፎና አጥሚት መመገብ፣ በወፍራም ልብስ መሸፈን ደግ ልማድ ነው፡፡ ብርድ ግን የጭንን ነርቭ አይቆርጥም፡፡ «ብርድ ነው» በመባሉ ብቻ የሚወሰደው እርምጃ ግን ከበሽታው ይብስ ይሆናል፡፡

የደነዘዘ ቆዳ ትኩሳትን አያውቅም፡፡ ስሜት በጠፋበት ጭን ላይ የጋለ ድንጋይ፣ የፈላ ውኃ የያዘ ጠርሙስ፣ ወይም የከሰል ምድጃ ቢጠጋ እናቲቱ ሳይሰማት ይቃጠላል፡፡ በጋለ ብረት መተኮስም ነርቩን አያነሣሣውም፤ የሚያተርፈው ቁስልና ጠባሳ ነው፡፡ ብሽሽትን በኃይል ማሸትና «የወለቀ አጥንት አለ» ብሎ እግርን መጎተት ደግሞ የተጨመቀውን ነርቭ ዳግመኛ ያስጨንቀዋል፡፡ ወጌሻ በሙያው የተከበረ ቢሆንም ይህ የአጥንት ውልቃት ስላልሆነ የሱ ሥራ አይደለም፡፡

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

አብዛኛው የጭን ነርቭ ጉዳት ቀስ ብሎ የሚድን ቢሆንም ከእሱ ጋር የሚመሳሰሉ አደገኛ በሽታዎች ስላሉ የሚከተሉትን ምልክቶች ያየ ቤተሰብ በዚያው ሰዓት በሽተኛዋን ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ይኖርበታል፡፡

ሁለቱም እግሮች አብረው ከዛሉ፣ ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ሽንትና ዓይነ ምድር መቆጣጠር ካልተቻለ፣ ወይም በመቀመጫ አካባቢ ስሜት ከጠፋ፣ ጉዳቱ ኅብለ ሰረሰር አካባቢ ሊሆን ይችላል፡፡ ከባድ የወገብ ሕመምና ትኩሳት ከተጨመረበትም እንዲሁ ነው፡፡

አንድ እግር ካበጠ፣ ከጋለና ባቱ ሲነካ ካመመ፣ ይህ የነርቭ ሳይሆን የደም መርጋት ምልክት ሊሆን ይችላል፡፡ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላልና እንዲህ ያለውን እግር ከማሸት መቆጠብ ያስፈልጋል፡፡ ክንድና እግር በአንድ ወገን ከዛሉ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ደግሞ የአንጎል ጉዳት ነው፡፡

ሕክምናውና የቤት ጥንቃቄው

የነርቩ ሽፋን ብቻ የተጎዳ ከሆነ ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ባለው ጊዜ ውስጥ ኃይሉ ይመለሳል፡፡ የነርቩ ውስጠኛ ክር ከተበጠሰ ግን እንደገና የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ እስከ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል፡፡ ትዕግሥት የሚጠይቀውም ስለዚህ ነው፡፡ ነርቩን በአንድ ቀን የሚያድን ክኒንም ሆነ መርፌ የለም፡፡ ሐኪሙ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው በትልልቅ ሆስፒታሎች በሚገኝ መሣሪያ የነርቩንና የጡንቻውን የኤሌክትሪክ ሥራ ያስመረምራል፡፡ የተጠራቀመ ደም ወይም መግል ካለ ያንን ማከም ይቀድማል፡፡

ነርቩ እስኪያገግም ድረስ ጡንቻው እንዳይሰልል ማሠራት ያስፈልጋል፡፡ በጀርባ ተኝቶ እግርን ዘርግቶ የጭንን ጡንቻ ማጥበቅና መልቀቅ፣ በባለሙያ ምክርም ቀስ በቀስ እግርን ማንሣት ይቻላል፡፡ ጉልበትን ደግፎ የሚይዝ መሣሪያ ወይም ምርኩዝ መያዝ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፡፡

ከሁሉ በላይ ግን መውደቅን መከላከል ያስፈልጋል፡፡ ጉልበቷ የሚከዳት እናት ሕፃኗን ታቅፋ ደረጃ መውረድ የለባትም፡፡ በጀርባዋ አዝላ ቁልቁለት መሄድም አይገባትም፡፡ ሕፃኑን የምታጠባው ተቀምጣ ወይም ተኝታ ሲሆን፣ ከቦታ ቦታ የሚያዘዋውርላት ሌላ ሰው መኖር አለበት፡፡ ሌሊት ለሽንት ስትነሣ መብራት ይብራላት፤ የሚረግጡት ወለልም እርጥብ አይሁን፡፡ በፋብሪካም ሆነ በቢሮ የምትሠራ እናት ወደ ሥራ ስትመለስ ከሐኪሟ ማስረጃ ይዛ ከባድ ዕቃ ከመሸከም፣ ቁጢጥ ብሎ ከመሥራትና ደረጃ ከመመላለስ ለጊዜው እንድትታቀብ ለአለቃዋ መንገር ይኖርባታል፡፡ አለቆችም ቁስሉ ስላልታየ «ታስመስላለች» ማለታቸውን መተው ይገባቸዋል፡፡

መከላከያው ከማማጫው በፊት ይጀምራል

ከላይ ከተዘረዘሩት መንስኤዎች ውስጥ በምጥ ጊዜ የሚደርሰው ጉዳት በብዛት ሊቀነስ የሚችል ነው፡፡ የምታምጥ ሴት በአንድ አቀማመጥ ብዙ እንዳትቆይ አቋቋሟን በየጊዜው መለወጥ፣ መራመድ በምትችልበት ጊዜ መራመድ፣ በጎኗም መተኛት ይጠቅማታል፡፡ በመግፊያው ሰዓት ጉልበቷን የሚይዙላት ሰዎች በምጡ ፋታ እግሯን ዝቅ አድርገው ያሳርፉላት፡፡ በማንጠልጠያ ላይ የሚወጡ እግሮች ሁለቱም እኩል ይውጡ፤ ሥራው እንዳለቀም ሁለቱም አብረው ይውረዱ፡፡ የደነዘዘች ሴት ሲያማት ልትናገር ስለማትችል ለእሷ የሚደረገው ጥንቃቄ እጥፍ መሆን ይኖርበታል፡፡

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ምጡ ሲራዘም በጊዜው የሚለይ ባለሙያ ባለበት መውለድ ነው፡፡ በዚህ ረገድ አገራችን የተራመደችው እርምጃ ቀላል አይደለም፡፡ በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፡፡ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ከመቶ ደርሰዋል፡፡ ለዚህም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከፍተኛ ድርሻ አላቸው፡፡ ያም ሆኖ በ2011 ዓ.ም. ጥናት ከሁለት ሕፃናት አንዱ ያህል ከጤና ተቋም ውጭ መወለዱን መዘንጋት አይገባም፡፡

እንደ ጓሳ ላለ አገር መንገዱ ራሱ ከምጡ ጋር የሚሽቀዳደም ነው፡፡ ከመንደር እስከ ማሐል ሜዳ፣ ካስፈለገም እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ያለው ርቀት ምጥ ከጀመረ በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ አይደለም፡፡ በጤና ጣቢያዎች አካባቢ የእናቶች ማቆያ ቤቶች የተሠሩትም ለዚሁ ነው፡፡ ነፍሰ ጡርዋ ወሯ ሲገባ ወደ ማቆያው ሄዳ ምጧ እስኪመጣ ብትሰነብት፣ ቃሬዛ የሚሸከሙ ጎረምሶችን በሌሊት ከመጥራት ትድናለች፡፡ «ቤቱን ለማን ጥላ ትሄዳለች?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነውና መልሱ ከባልና ከጎረቤት መምጣት አለበት፡፡ የመንዝ ሕዝብ የጓሳውን ሣር መቼ እንደሚታጨድና መቼ እንደሚከለከል በራሱ ሕግ ተስማምቶ ለብዙ ትውልድ የጠበቀ ሕዝብ ነው፡፡ ሣሩን በተራ ለመጠበቅ የተስማማ ጎረቤት፣ ወሯ የገባ እናት ቤትና ልጆች በተራ ለመጠበቅም መስማማት አያቅተውም፡፡

በከተማ የምትኖሩ እናቶችም ድርሻ አላችሁ፡፡ ብዙዎቻችሁ በደጋው አገር እህት፣ የወንድም ሚስት ወይም ያሳደገቻችሁ አክስት አለቻችሁ፡፡ ለአራሽ ጥየቃ ስትሄዱ ወይም በስልክ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስትሉ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «እግርሽስ ይታዘዝልሻል? ከመደብ ስትነሺ ጉልበትሽ አይከዳሽም?» በሉ፡፡ «ብርድ ነው መሰለኝ» የሚል መልስ ከሰማችሁ እዚያ ላይ አትተዉት፡፡ ስሜት የጠፋበትን እግር ከእሳት አርቃ፣ ሕፃኑን ሌላ ሰው አስይዛ፣ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ምከሩ፤ የሚያደርሳት ሰው መኖሩንም አረጋግጡ፡፡